አሸንዳዬ፣ ወንፊት ሽቦውና የጎረቤት ባህር ዛፍ

አምና ሐምሌ ላይ ነው። ደሴ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ፣ ከቆርቆሮው ጩኸት ሥር ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ውሃው በቱቦው መውረዱን ትቶ ከአሸንዳው ጀርባ ግድግዳውን ይዞ ይንዠቀዠቃል። ቤታችን የጭቃ ነው፣ ከላይ በሲሚንቶ የተለሰነ። ጠዋት ያበጠውን ልስን በጣቴ ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ረገፈ፤ ከሥሩ እርጥብ ጭቃና ጭድ ብቅ አለ። በጣም ነው የደነገጥኩት።

እስከዚያ ቀን ድረስ አሸንዳ አጽድቼ አላውቅም ነበር። ዝናቡ ሲያባራ መሰላል አቁሜ ወጣሁ፣ ልጄ ከታች ይዞልኛል። ከላይ የባህር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት፣ ከሥሩ ደግሞ በስብሶ ጥቁር አፈር የሆነ። አንድ ቦታ ላይማ ሣር በቅሏል፣ ስንዝር የሚያህል! የዘይት ጀሪካን አጋድሜ ቆርጬ ማፈሻ ሠራሁና ሦስት ባልዲ ሙሉ አወጣሁ። ጓንት ሳታደርጉ እንዳትሞክሩት፣ የቆርቆሮ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው። መሰላሉንም አሸንዳው ላይ አታስደግፉት፣ ይጣመማል። የመብራት ሽቦ የሚገባበት ጥግ ጋ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ።

ውሃው ምን ያህል እንደሆነ ያወቅኩት ሳሰላው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። የኛ ጣሪያ በዚያ በኩል 40 ካሬ ይሆናል። 20 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን 800 ሊትር፣ ማለትም አራት ሙሉ በርሜል፣ በአንዲት ቱቦ መውረድ አለበት። ቱቦዋ ከተደፈነች ሌላ መሄጃ የለውም፣ ግድግዳዬን ነው የሚይዘው።

ከዚያ ቅጠሉ አሸንዳው ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ወደ ወንፊት ሽቦ ገባሁ። ፒያሳ ወርጄ መጀመሪያ የገዛሁት ቀዳዳው ደቃቅ የሆነውን ነው፣ ምንም አያሳልፍም ብዬ። እውነትም ቅጠል አላሳለፈም፣ ግን ውሃም አላሳለፈም። ቅጠሉ ሲረጥብ ሽቦው ላይ ልጥፍ ይላል፣ ዝናቡም በላዩ ተንሸራቶ ደጃፍ ላይ ይፈሳል። በረዶ የጣለ ቀን ደግሞ ክብደቱ ሽቦውን አጎበጠው። ቀጥሎ የዶሮ ሽቦ ሞከርኩ። እሱ ባሰ። የባህር ዛፍ ቅጠል ቀጭንና ረጅም ስለሆነ በጫፉ ይገባና ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ይሰካል፤ ለማጽዳት ሽቦውን በሙሉ መንቀል ነበረብኝ።

አሁን ያለው መካከለኛ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ሽቦ ነው። ያሰርኩት የጣሪያውን ቁልቁለት እንዲከተል አድርጌ ነው፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ነፋስ ይገፋዋል። ዛፍ ያለበት በኩል ብቻ ነው ያደረግኩት፣ ሌላው ክፍት ነው። በሁለቱም በኩል ግን ቱቦው አፍ ላይ ሽቦ እንደ ኳስ ጠቅልዬ ከትቻለሁ። ለኔ ከሁሉም ብሩን ያወጣው ይሄ ነው። እና ሽቦ አደረግኩ ብዬ ማጽዳቱን አልተውኩም። በረጅም እንጨት ላይ መጥረጊያ አስሬ ከላይ እጠርገዋለሁ፣ አቧራው ግን በቀዳዳው ገብቶ ከሥር ስለሚከማች በዓመት አንዴ ተነቅሎ መጠረግ አለበት። ጥር ላይ በልግ ሳይመጣ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ክረምት ሳይገባ፣ አንዴ ደግሞ ነሐሴ መሃል ፀሐይ ብልጭ ስትል እወጣለሁ።

ያ የበቀለው ሣር ግን ከሽቦው ሁሉ የበለጠ አስተማረኝ። አሸንዳውን ካጸዳሁ በኋላ በዳር በኩል አንድ ጆግ ውሃ አፍስሼ አየሁት። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ልክ ሣሩ የነበረበት ቦታ። ለካ ሁለት ማንጠልጠያ ተነቅሎ አሸንዳው ረግቧል። ውሃ ልክ (ዝንባሌ የሚለካበትን መሣሪያ) አምጥቼ ለእያንዳንዱ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ እያደረግኩ መልሼ መታሁት፤ 8 ሜትር ስለሆነ ከዳር እስከ ቱቦው 4 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ሁለተኛው ጆግ ሳይቆም ወረደ።

ዛፉ የጎረቤታችን ነው። ለመናገር ስንት ቀን አፍሬ ቆየሁ። በመጨረሻ ቡና ላይ፣ «ጋሼ፣ ወደ እኛ ጣሪያ ያጋደለውን ቅርንጫፍ ቢፈቅዱልኝ» አልኳቸው። «አብሽር፣ ምነው እስከዛሬ ዝም አልክ? የናንተ ግድግዳ የኛም አይደል እንዴ!» አሉኝ። በሳምንቱ እሑድ ከልጃቸው ጋር ቆረጥነው።

ዘንድሮ ባለቤቴ ከቱቦው ሥር በርሜል አስቀምጣለች። የመጀመሪያውን ዝናብ አትቀበልም፣ «ጣሪያውን ይጠበው» ብላ ታፈሰዋለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልብስ ይታጠብበታል። ግድግዳውን ግን ገና አላስለሰንኩትም። ግንበኛው እስከ ጥቅምት በደንብ ይድረቅ ብሎኛል።