ወደ ግራ አልዞርም ያለ ሞተር ብስክሌት

ሞተር ብስክሌቴ ወደ ግራ አይዞርም ነበር። መሪው ይዞራል፣ ጎማውም ይታዘዛል፤ ሞተሩ ግን ወደ ግራ መታጠፍ ክብሩን የሚነካው ይመስል ወዲያው ጸጥ ይላል። ወደ ቀኝ ሲሆን ደስ ብሎት ይንጣጣል። ስለዚህ በግራዬ ወዳለ ቦታ መድረስ ስፈልግ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ እየታጠፍኩ እሄድ ነበር። መንገድ ላይ የሚያዩኝ ሰዎች የጠፋብኝ ዕቃ የምፈልግ ሳይመስላቸው አይቀርም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቃጠል ነዳጁን በእሳት የሚለኩሰው ካንዴላ ቶሎ ይጠቁራል፤ በመሆኑም ምንም ነገር ቢበላሽ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ካንዴላ ነው። ምክር የጠየቅኩት ሁሉ «ካንዴላ ቀይር» አለኝ። ቀየርኩ። ካንዴላ ግን ግራና ቀኝ አያውቅም።

በዚህ መሀል አጎቴ ጣልቃ ገቡ። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤት ኤሌክትሪክ ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ፒንሳቸውን ግን ጡረታ ያላስወጡ ሰው ናቸው። የፊት መብራቱን ፈትተው አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ሁለተኛው ሽቦ የታለ?»

«አጎቴ፣ መመለሻው ራሱ ሻሲው ነው።»

«ኤሌክትሪኩ በብረቱ ውስጥ ይመለሳል? አንተ ደግሞ ከላዩ ትቀመጥበታለህ?»

ስድስት ቮልት ብቻ ስለሆነ እንደማያሰጋ ነገርኳቸው። «ስድስት ቮልት ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ወሬ ነው» አሉና ካንዴላውን ከነቆቡ በባዶ እጃቸው ይዘው ከሲሊንደሩ ጋር አስጠጉት። «በል ምታ፣ እሳት መኖሩን ልይ።» ቦቢና ያንን ትንሽ ኃይል ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ እንደሚያደርሰው ለማስረዳት አፌን ስከፍት እግሬ የማስነሻውን ፔዳል መትቶት ነበር። እሳት መኖሩ ተረጋገጠ። አጎቴ ለጥቂት ጊዜ ስለ ወሬ ምንም አልተናገሩም።

እሳቱ ካለ፣ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ማን ያጠፋዋል? እንዲህ እሳቱን ከሚሽከረከር ማግኔት በሚያገኝ አሮጌ ሞተር ላይ ማጥፊያው የሚሠራው እንደ ቤት ማብሪያ ሽቦ በማለያየት ሳይሆን በማገናኘት ነው። ማጥፊያው ሲነካ ወደ ቦቢናው ሊሄድ የነበረው ኃይል ወደ ሻሲው ይፈስሳል፤ ሞተሩም ይሞታል። ይህን ስነግራቸው አጎቴ ፒንሳቸውን አስቀመጡ።

«ሲገናኝ ይጠፋል፣ ሲበጠስ ይበራል?»

«አዎን።»

«የሠራው ሰው ጤነኛ ነበር?»

ለማንኛውም የማጥፊያውን ሽቦ ከቦታው ነቅለን ሞተሩን አስነሣነው። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፤ አልጠፋም። አጎቴ አጨበጨቡ። ደስታችን የቆየው ሞተሩን እናጥፋ እስክንል ድረስ ነው። የነቀልነው ማጥፊያውን ነዋ!

ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ይዞ ፍሪሲዮን መልቀቅ በአንድ ጊዜ ይገድለዋል። አጎቴ ግን ለሞተሩ አዘኑለትና ቀስ ብሎ እንዲጠፋ የነዳጁን መክፈቻ ዘጉት። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን መኖሩን ረስተውታል። ያ ቤንዚን ሲያልቅ ደግሞ ሞተሩ በሰላም አይሞትም፤ ነዳጁ ሲሳሳና አየሩ ሲበዛ ከመጥፋቱ በፊት እየጮኸ ይፈጥናል። «ኧረ ጋዝ አትስጠው!» ይላሉ አጎቴ። ሁለቱንም እጆቼን ወደ ላይ አንሥቼ አሳየኋቸው። ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ድምፁ ባይደርሰኝም ከአፏ አከፋፈት ሙገሳ እንዳልነበረ ገብቶኛል።

ቁስሉ የተገኘው ከነዳጅ ታንኩ ሥር፣ መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ ነው። የማጥፊያው ሽቦ ልባሱ ተፍቆ መዳቡ ወጥቷል፤ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ሻሲውን ይነካና ሞተሩን ያጠፋል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለንብረት ሕመሙን ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ በናስትሮ ፋንታ የቁስል ፕላስተር ለጥፎበታል። ሽቦውን ለውጠን ከመሪው መንገድ ራቅ አድርገን አሰርነው። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር።

አጎቴ ግን «እግረ መንገዳችንን ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩንም እንቀይር» አሉ። ሞተር ብስክሌት ከሚፈታባቸው ምክንያቶች ሁሉ እግረ መንገድን የመሰለ አደገኛ የለም። ፑንቲናው እየተገናኘና እየተለያየ እሳቱን በሰዓቱ የሚያስነሣ፣ ኮንደንሰሩም ጫፎቹን ከመቃጠል የሚጠብቅ ዕቃ ነው። የፑንቲናው ጫፎች ተበልተው ስለነበር መቀየራቸውን አልተቃወምኩም፤ ክፍተቱንም 0.35 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከልን። ለዚህ ሥራ የወጣው ቮላኖ፣ ማለትም ማግኔቱን የያዘው ከባድ መሽከርከሪያ፣ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ቦታውን የሚይዘው በአንዲት ግማሽ ክብ ቁራጭ ብረት ነው። ያቺ ብረት ልትቆረጥ ደርሳ ነበር። አዲስ እስክናገኝ እንጠብቅ ብል አጎቴ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጓትና «ብረት እኮ ናት፣ ትችላለች» ብለው ፈረዱ።

ብረቷ አልቻለችም። ፔዳሉን ስመታ ፔዳሉም መልሶ መታኝ፤ ሞተሩ ግን ተነሣ። ድምፁ ትንሽ ደከም ያለ ቢሆንም ደህና ነበር። አጎቴ የጭሱን መልክ ለማየት ከማርሜታው ኋላ ቆመዋል። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ወደ ፊት እያየሁ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደረግኩ። ሞተር ብስክሌቱ ወደ ኋላ ሄደ።

አጎቴ በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ይዘላሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይዤ፣ አንሶላ ተከናንቤ ቆምኩ። ሞተሩም አንሶላው ውስጥ ጠፋ።

ቮላኖው ሸርተት ሲል የእሳቱ ሰዓት ከሚገባው በላይ ሊቀድም ይችላል፤ ያን ጊዜ ገና ወደ ላይ የሚወጣውን ፒስተን ፍንዳታው ገፍቶ ይመልሰዋል። ባለ አራት ምት ሞተር በቫልቮቹ የተነሣ በዚህ አኳኋን ሊሠራ አይችልም። በእኔ ሞተር ግን ቀዳዳዎቹን የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ፒስተኑ ራሱ ነው፤ ሲወጣም ሲወርድም በአንድ ቦታ ስለሚከፍታቸው ዘንጉ ወደየት እንደሚሽከረከር ግድ የለውም። በ1955 ማምረት የተጀመረችው ሜሰርሽሚት ኬአር 200 የተባለች ባለ ሦስት ጎማ መኪና ይህንኑ ጠባይ ተጠቅማበታለች፤ ባለ ሁለት ምት ሞተሯ ጠፍቶ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲነሣ አራቱም ማርሾች የኋላ ማርሽ ይሆኑላት ነበር።

ይህን ለአጎቴ ነገርኳቸው። አዲሷን ብረት ከገጠምን በኋላም «ያቺን አሮጌዋን ጣልካት እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሰሞኑን ደግሞ «ወደ ኋላ» የሚል ማብሪያ ያለበት የሽቦ ንድፍ በወረቀት ላይ ሠርተው መጡ። የሚያስፈራኝ ንድፉ ትክክል መምሰሉ ነው።