በእጅ ለሚሰፋ ጫማ የውስጥ ሶል ማዘጋጀት

ጫማ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ ቶማያውን፣ ማለትም የጫማውን የላይኛውን ክፍል፣ በእጁ ይዳስሳል፤ ቀጥሎ ጫማውን ገልብጦ ሶሉን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ዋጋ ሲከራከርም የሚጠቅሰው እነዚህን ሁለቱን ነው። እግሩ የሚያርፍበት፣ በቶማያውና በውጭው ሶል መካከል ተደብቆ የሚኖረው የውስጥ ሶል ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ደንበኛ እምብዛም አይገጥመኝም። በማስቲሽ ብቻ ተጣብቆ ለሚሸጥ ጫማ ይህ ጥያቄ ባይነሣም ብዙ አይጎዳም፤ የውስጥ ሶሉ የተጨመቀ ካርቶን ቢሆንም የጫማው ዕድሜ ከማስቲሹ ዕድሜ አያልፍምና። በዌልት በሚሰፋ ጫማ ግን ነገሩ ይለያል። ዌልት በጫማው ዙሪያ የሚዞር ቀጭን የቆዳ ጠፍር ሲሆን፣ ቶማያውን፣ ገበሩንና ይህን ጠፍር አንድ ላይ የሚይዘው ክር የሚያልፈው በውስጥ ሶሉ ሥጋ ውስጥ ነው። የውጭው ሶል በሌላ ስፌት ከዌልቱ ጋር ብቻ ስለሚያያዝ ሲያልቅ ይቀየራል፤ የውስጥ ሶሉ ከተቀደደ ግን ጫማውን እንደ አዲስ ከመሥራት የሚያንስ ጥገና የለውም።

ይህን ስፌት በፋብሪካ ደረጃ ያስቻለው ማሽን ጎማን በድኝና በሙቀት የማጠንከሪያውን ዘዴ ባገኘው አሜሪካዊ በቻርልስ ጉድይር ልጅ ስም ይታወቃል፤ ልጅየውም ስሙ ቻርልስ ነው፤ ዘመኑም 19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ ፋብሪካዎች ክሩ የሚይዘው ቆዳውን ራሱን ሳይሆን ከውስጥ ሶሉ ሥር በማስቲሽ የተለጠፈ የሸራ ጠርዝ ነው። ይህ አሠራር ፈጣን ነው፤ ቀጭን ቆዳም ይበቃዋል፤ በአግባቡ ከተሠራም ሶሉን ደጋግሞ ለመቀየር ያስችላል። ሸራው ከቆዳው ከተላቀቀ ግን ስፌቱ ሳይበጠስ ጫማው ይፈታል። በእጅ ሲሠራ ያ ጠርዝ ከቆዳው ከራሱ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ የሚላቀቅ ነገር የለውም። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለዚህኛው አሠራር ነው።

ሥራው ግማሽ በግማሽ የሚያልቀው ቆዳ ሲመረጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሚፈለገው በዕፅዋት ታኒን፣ ማለትም ከዛፍ ልጣጭ በሚገኝ ቆዳ ማልፊያ ንጥረ ነገር፣ የለፋ የከብት ቆዳ ነው፤ ታኒኑ ከግራርም ይምጣ ከሌላ ዛፍ ልጣጭ፣ ዋናው ነገር ቆዳው ውኃ ጠጥቶ እንደ ጭቃ የተሰጠውን ቅርጽ መያዙ፣ ሲደርቅም ያንኑ ቅርጽ አለመልቀቁ ነው። በክሮም፣ ማለትም በክሮሚየም ጨው፣ የለፋ ቆዳ ለቶማያ ድንቅ ነው፤ ለውስጥ ሶል ግን አይሆንም። ይለጠጣል፤ ቢላ ሲገባበት ንጹሕ ጠርዝ አይሰጥም፤ የእግርን ላብ ተቀብሎ ቀስ በቀስ በመልቀቅ ረገድም በዕፅዋት ከለፋው ያንሳል። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያላት ከተማ ብትሆንም ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ እዚያ መድረስ ብቻውን የውስጥ ሶል ቆዳ አያስገኝም፤ አገራችን በይበልጥ የምትታወቀው በበግና በፍየል ሌጦ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከሚለፋው ቆዳም አብዛኛው በክሮም የሚለፋ ነው። ስለዚህ ሻጩ የነገረንን ከማመን በፊት መፈተን ይበጃል። ቆዳውን ቆርጦ የተቆረጠውን ጎን ማየት የመጀመሪያው ነው፤ ክሮም ከሆነ መካከሉ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አመድማ ያደላል፤ በዕፅዋት የለፋው ከላይ እስከ ታች ቡናማ ነው። ሁለተኛው የዛገ ሚስማር በውኃ አርሶ ከቁራጩ ላይ ማሳደር ነው፤ ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ስለሚጠቁር ጠዋት ላይ ጥቁር ምልክት ይታያል። በክሮም ለፍቶ በኋላ በታኒን የታሸ ቆዳም ስላለና እሱም ስለሚጠቁር፣ አንዱን ፈተና ያለ ሌላው ማመን አይገባም።

ከአንድ ሙሉ ቆዳ ውስጥም ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከወገቡ ግራና ቀኝ ያለው ክፍል ጠጣርና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ለውጭ ሶል ይሰጣል፤ ሆዱ ልል ነውና ይለጠጣል። ለውስጥ ሶል የሚመረጠው ትከሻው ነው፤ ስፌት ለመያዝ በቂ ጥንካሬ፣ የእግርን ቅርጽ ለመቀበል ደግሞ በቂ ልስላሴ አለው። በእኛ አገር ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የወሎ በሬ ዕድሜውን ሙሉ ያርሳል፤ ለእርድ የሚቀርበው ካረጀ በኋላ ነው፤ ቀንበሩ ያረፈበት አንገትና ትከሻ ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ጠባሳ ያለበት ቆዳ ላዩ ጠንክሮ ውስጡ የላላ ስለሚሆን ክር ሲጠብቅበት ይተረተራል። በዚህ ላይ ከብቶቻችን ሻኛ ያላቸው ናቸው፤ ሻኛው ያለበት ቦታ ሲዘረጋ ጠፍጣፋ አይሆንም፤ እንደ ከረጢት ያበጠ ክፍል ይተዋል። በገፈፋ ጊዜ የሚደርሰውን የቢላ ጭረት ሳንረሳ፣ ከአንድ ትከሻ ላይ ነውር የሌለው ጥንድ የውስጥ ሶል ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለዚህ ቆዳውን በሥጋው በኩል ገልብጬ፣ በፀሐይ ብርሃን አግድም ይዤ፣ ጭረቱን ሁሉ በኖራ ጠመኔ ሳላከብብ ቢላ አላነሣም። ጭረቱ ተረከዝ ላይ ወይም ከስፌቱ መስመር ርቆ መካከል ላይ ቢያርፍ ግድ የለም፤ ጠርዙ ላይ ካረፈ ግን ቁራጩን ለታኮ ንብርብር መተው ይሻላል። ውፍረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነም ጠርዝ መፈልፈል ስለሚያስቸግር እኔ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለውን እፈልጋለሁ፤ የአገራችን ከብት ቆዳ በአብዛኛው ሳሳ ያለ በመሆኑ ይህን ማግኘት ራሱ ፍለጋ ነው። ሲቆረጥ የሶሉ ርዝመት ከአከርካሪው ጋር ይሄዳል፤ ቆዳ ከአከርካሪው አቅጣጫ ይልቅ ወደ ጎን ይበልጥ ይለጠጣልና።

ሻካራ ቅርጽ የተቆረጠው ቆዳ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ አረፋ መውጣቱ ሲያቆም ውኃው እስከ መካከሉ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ ተጠቅልሎ ቢያድር እርጥበቱ በሁሉም በኩል እኩል ይሆናል። ጠዋት የሚወጣው ቆዳ ሲነካ ቀዝቃዛ፣ መልኩ ግን ወደ ቀድሞ ቀለሙ መመለስ የጀመረ መሆን አለበት። በዚህ ደረጃ ከእግር በኩል የሚውለውን የላይኛውን ገጽ በብርጭቆ ስባሪ በስሱ እፍቃለሁ፤ ላብ በቀላሉ እንዲገባበት ቀጭኗን ልባስ ማንሣት በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መፋቅ ጥንካሬውን መጉዳት ነው።

ቀጥሎ ቆዳው ከፎርማው (ጫማው ከሚሠራበት የእግር አምሳያ) ሥር ተደርጎ፣ የተፋቀው ገጽ ወደ ፎርማው ዞሮ፣ ተረከዙ፣ ወገቡ (ጠበብ ያለው የሶሉ መካከል) እና ጣቱ ላይ በሦስት ሚስማር ይያዛል። ሚስማሩ ነሐስ ቢሆን ይመረጣል፤ ብረት ከሆነ ያው ታኒኑ ያጠቁረውና በእግር በኩል ነጥብ ይቀራል። ከዚያ ፎርማውንና ቆዳውን አንድ ላይ በብስክሌት ከመነዳሪ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል ነው፤ በተለይ በወገቡ በኩል ፎርማው ወደ ውስጥ ስለሚጎደጉድ ቆዳው ተጠግቶ እንዲደርቅ እዚያ ላይ መደራረብ ያስፈልጋል።

ስለ መድረቁ ትንሽ ልቆይ፤ ከውጭ የተጻፈ መመሪያ ይዞ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ለእርጥብ ቆዳ ሁለቱ ከተሞች የተለያዩ አገሮች ናቸው። በኮምቦልቻ በጋ ቆዳው ከላይ ፈጥኖ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ቢላው ላዩ ላይ ይንሸራተትና ድንገት ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ መድኃኒቱ ጥላ ውስጥ አድርጎ እርጥብ ጨርቅ ጣል ማድረግ ነው። በደሴ ክረምት፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ በሚውልበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ቆዳው አልደርቅ ይልና ተጠቅልሎ ሲቆይ ይሻግታል። እንዲደርቅ ብሎ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ከሻጋታውም የከፋ ነው። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ እርጥብ ሳለ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ቆዳ ተመልሶ አይዘረጋም፤ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ሰቅሎ መጠበቅ ብቻ ነው አማራጩ፤ ከመነዳሪው በነጋታው ቢፈታ ነፋሱ ወደ ቆዳው ይደርሳል።

የደረቀው ቆዳ ከፎርማው ሳይነሣ ጠርዙ በሹል ቢላ ከፎርማው ጫፍ እኩል ይከረከማል። ቀጥሎ በኮምፓስ ሁለት መስመር ይሰመራል፤ አንዱ ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ። ከጠርዙ እስከ መጀመሪያው መስመር ያለው ቆዳ እንደ ደረጃ ተቆርጦ ይነሣል፤ ከሁለተኛው መስመር በስተውስጥ ደግሞ በሰያፍ ቦይ ይፈለፈላል። በሁለቱ መካከል ከፍ ብሎ የሚቀረው ክር የሚይዘው ጠርዝ ነው። የቁርጡ ጥልቀት ከውፍረቱ ግማሽ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ሥሩ ይሳሳና ክር ሲጠብቅ ጠርዙ ይነቀላል። በወገቡ በኩል፣ በተለይ በውስጠኛው ጎን፣ የመጀመሪያውን መስመር ወደ ጠርዙ ጠጋ አደርገዋለሁ፤ ዌልቱ ከእግሩ ሥር ሰብሰብ ብሎ ያልፋል፤ ጫማውም ቀጠን ብሎ ይታያል።

ቀዳዳው የሚበሳው በቆልማማ ወስፌ ነው። ወስፌው ከቦዩ ይገባና በጠርዙ ሥር ዞሮ ከደረጃው ማዕዘን ላይ ይወጣል፤ በእግር በኩል ብቅ ካለ ጥልቀቱ በዝቷል። በአንድና በሌላው ቀዳዳ መካከል 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል፤ ይህ ስፌት የማይታይ ስለሆነ ማብዛቱ ውበት አይጨምርም፤ ጠርዙን ግን ይቆራርጠዋል። ጣቱ ጋ ሲደረስ ዙሩ ስለሚጠብብ ቀዳዳዎቹ በውጭ በኩል ርቀታቸውን ጠብቀው በውስጥ በኩል ይቀራረባሉ፤ ልኬቱን በውስጥ በኩል የያዘ ሰው በውጭ በኩል ስፌቱ ይራራቅበታል፤ የቶማያው ሽብሽብም በዚያው ክፍተት ያብጣል። ቀዳዳውን አስቀድሞ መብሳትን የማይወዱ፣ እየሰፉ የሚበሱ ባለሙያዎች አሉ፤ እጃቸው ለለመደው ያስኬዳል፤ እኔ ግን አስቀድሞ መብሳትን እመርጣለሁ፤ ሁለቱን ጫማ ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳሰል ያስችላልና።

ክሩ ብዙ ስልት ያለው የተልባ እግር ክር ሲሆን በንብ ሰምና በጥድ ሙጫ ቅልቅል ይታሻል፤ ሰሙ ያለሰልሳል፤ ሙጫው ይይዛል። በብርድ ጊዜ ሙጫ የበዛበት ቅልቅል ስለሚሰባበር በደሴ ሰሙን ጨመር ማድረግ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ልማድ ከክሩ ጫፍ እንደ መርፌ የሚታሰረው የአሳማ ጠጉር ነው፤ በወሎ ይህን ማንም ከእጁ አያስገባውም፤ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያስግሩበት ወፈር ያለ ናይሎን ገመድ ያንኑ ሥራ በደንብ ይሠራል።

ተረከዙ ዙሪያ ስፌቱን ማዞር ወይም በእንጨት ችንካር መያዝ የየሠሪው ምርጫ ነው፤ እኔ ለከተማ ጫማ ችንካሩን፣ ዳገትና ቁልቁለት ለሚበዛበት እግር ስፌቱን እመርጣለሁ። ቶማያው ከመወጠሩ በፊት ሦስቱ ሚስማሮች ተነቅለው፣ ፎርማው ላይ ትንሽ የሕፃን ገላ ዱቄት (ፓውደር) ተነስንሶ፣ የውስጥ ሶሉ እንደገና በቦታው ይቸነከራል፤ ዱቄቱ ከሌለ ጫማው አልቆ ፎርማው ሲወጣ የውስጥ ሶሉን ይዞት ይነሣል። ስፌቱ ሊጀመር ሲል ጠርዙን ብቻ በእርጥብ ስፖንጅ ማራስ ይገባል፤ መካከሉ ከራሰ ሶሉ የያዘውን የፎርማ ቅርጽ ይለቃል።