ኤሊዎቹን፣ ላሟንና ፍየሎቹን ይዞ ለመውጣት ያዘጋጀሁት ዕቅድ

ኮምቦልቻ በተራሮች መካከል በተዘረጋ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከዙሪያዋ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቦርከና ወንዝና ወደ ገባሮቹ ሲሰበሰብ፣ በዝቅተኛው ሰፈር ለምንኖር ሰዎች በድንገት ከቤት መውጣት በየክረምቱ የሚታሰብ ጉዳይ ነው። የእኛ ግቢ ከአንድ ጅረት ብዙ አይርቅም። በግቢው ውስጥ አንዲት የወተት ላም ከነጥጃዋ፣ ጥቂት ፍየሎች፣ ዶሮዎች፣ ውሻና ድመት፣ እንዲሁም ቤቱን ስንገዛ የቀድሞው ባለቤት ትቷቸው የሄደ ሁለት ኤሊዎች አሉን። ኤሊ የዱር እንስሳ ስለሆነ ከቆላ አንሥቶ ወደ ቤት ማምጣትን ለማንም አልመክርም፤ የእኛዎቹ ግን ዕድሜያቸውን በግቢ የኖሩ በመሆናቸው አሁን አውጥቶ መልቀቅም ለእነሱ አደጋ ነው፤ ስለዚህ ኃላፊነቱ እኛ ላይ ወድቋል።

ጎርፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል አላስብበትም ነበር። ነገር ግን ከእኛ በስተደቡብ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳፈራረሰ ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰምተን አድገናል፤ የደሴ ተዳፋት ሰፈሮች በክረምት የመሬት መንሸራተት እንደሚያሰጋቸው የታወቀ ነው፤ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ መንገዱን የሞላው ሕዝብ ምን ይዞ፣ ምን ትቶ እንደወጣ በዓይናችን አይተናል። በዚያን ጊዜ ተሽከርካሪ አልተገኘም፤ ስልክም ተቋርጦ ነበር። ታስረው የቀሩ ከብቶች የገጠማቸውን የተመለሱት ሰዎች ሲናገሩ በጣም ያዝኑ ነበር፤ የተፈቱት ግን ብዙዎቹ በየዳገቱ ተገኝተዋል። ስለዚህ ዕቅዴን ስጀምር ሁለት ነገር ወሰንሁ፤ ዕቅዱ ያለ መኪናና ያለ ስልክ በእግር መፈጸም የሚችል፣ በወረቀት ላይ የሰፈረ እንዲሆን፤ ይዘነው ልንወጣ ያልቻልነው እንስሳ ቢኖር ደግሞ በፍጹም ታስሮ እንዳይቀርና በሩ ተከፍቶለት እንድንሄድ።

ቀጥሎ እንስሳቱን የከፈልኋቸው በዋጋቸው ሳይሆን በእግራቸው ሄዶ የሚወጣና ተሸክመን የምናወጣው በማለት ነው። ይህን የሰሙት ጎረቤታችን ሼኁ፣ «ልጄ፣ ላሟን ትተሽ ድንጋይ ልትሸከሚ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። «አባቴ፣ ላሟ በእግሯ ትሄዳለች፤ ድንጋዩ ግን ተሸካሚ ይፈልጋል» አልኋቸው። በሳቁ ተስማማን እንጂ ሐሳቡ ከዚያ በኋላም አልተዋጠላቸውም። እኔ ግን እስከ ዛሬ የሰው ኃይላችንን የምደለድለው በዚሁ መሠረት ነው፤ እጅ የሚያስፈልጋቸው ኤሊዎቹ፣ ዶሮዎቹና ድመቷ ሲሆኑ፣ ለላሟና ለፍየሎቹ የሚያስፈልገው መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ኤሊ ብዙ ሰው የሚያስበው ዝግታውን ነው። በተግባር ያየሁት ችግር ግን ዝግታቸው ሳይሆን መደበቃቸው ነው። ዝናብ ሲመጣና አየሩ ሲቀዘቅዝ ተሸሽገው ይቀመጣሉ፤ ቢጠሯቸው አይመጡም፤ ድምፅም አያሰሙም። በጨለማ ግቢ ውስጥ በዝናብ እየረጠቡ ኤሊ መፈለግ ሌላውን ሥራ ሁሉ ሊያስተጓጉል ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያደረግሁት ነገር አንድ በር ያላት፣ ወለሏ በድርቆሽ የተሸፈነ ዝቅተኛ የማደሪያ ቤት ሠርቼ፣ በየምሽቱ ወደዚያ እንዲገቡ ማስለመድ ነበር። በመጀመሪያ በእጅ እናስገባቸው ነበር፤ እየዋለ ሲያድር የምግባቸውን ቦታ በሯ አጠገብ ስላደረግነው ራሳቸው መምጣት ጀመሩ። ለቀኑ ደግሞ የሚሸሸጉባቸውን ቦታዎች፣ ማለትም የማገዶ ክምሩን ሥር፣ በግድግዳውና በውኃው ሮቶ መካከል ያለውን ክፍተት፣ በአጥሩ በኩል ያለውን የበለስ ጥላ፣ በወረቀት ላይ ሥዬ በኩሽና በር ላይ ለጠፍሁት።

መያዣቸውም የራሱ ጥበብ አለው። ለትንሹ የቲማቲም መጫኛ የእንጨት ሳጥን ይበቃል፤ ጎኖቹን በካርቶን ሸፈንኋቸው፤ ምክንያቱም ኤሊ ውጭውን እያየ ከሆነ ለመውጣት ያለ ማቋረጥ ስለሚገፋና ስለሚቧጥጥ ነው። በጨለማ ውስጥ ሲሆን ግን ቶሎ ይረጋጋል። አየር የሚገባበት ቀዳዳ መኖር አለበት፤ ሁለቱን በአንድ ሳጥን ማድረግም አይገባም፤ በመንገድ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣልና። ትልቁ ከ12 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አድርገን፣ ላዩን በጆንያ ሸፍነን፣ በገመድ አስረን በእጅ ጋሪ እንገፋዋለን። ሲነሡ በሁለት እጅ ከጎንና ከጎን ተይዘው እንደቆሙበት ሁኔታ ነው እንጂ መገልበጥ አይገባም፤ የኤሊ ሳንባ ከላይኛው ቅርፊት ሥር ስለሚገኝ፣ በጀርባው ከተገለበጠ የሆድ ዕቃው ተጭኖ መተንፈስ ያስቸግረዋል።

ኤሊ ውኃን በፊኛው ያጠራቅማል፤ ሲደነግጥ ደግሞ ይህን ውኃ ሊለቀው ይችላል። ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ እውቀት ይህ ነበር፤ ምክንያቱም ጤነኛ ኤሊ ያለ ምግብ ለቀናት መቆየት ሲችል፣ በድንጋጤ ያፈሰሰውን ውኃ ሳይተካ ግን በሙቀት ቢጓዝ ይጎዳል። ስለዚህ በደረስንበት ቦታ የመጀመሪያው ሥራ ለብ ባለ ውኃ፣ አገጩን በማያልፍ ጥልቀት፣ መንከር ነው። ለምግብ የበለስ ቅጠል እሾሁ ተጠርጎ ይያዛል፤ ውኃም ምግብም ይሆናልና፤ ወተቱ የሚያቃጥለው ረጅሙ የቁልቋል ዛፍ ግን ከዚህ ጋር እንዳይምታታ ልጆቹን አስጠንቅቄአቸዋለሁ። ኤሊ የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ያለ ምንም የሕመም ምልክት ሊሸከም ስለሚችል፣ ሳፋውም ዳግመኛ ለሰው ልብስም ሆነ ለሊጥ አያገለግልም።

ቢጠፉ ለመለየት የላይኛውንና የሆዳቸውን ቅርፊት ፎቶ አንሥቼ በወረቀት አሳትሜአለሁ፤ የቅርፊቱ ሥዕል ከኤሊ ኤሊ ይለያያል። ቅርፊትን መብሳት ፈጽሞ አይገባም፤ ሕይወት ያለው አካል ነውና።

ፍየሎቹ ብዙ አላስቸገሩኝም። በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጨው አድርጌ እያንኳኳሁ መጥራትን ስላስለመድኋቸው፣ ጣሳው በጮኸበት ሁሉ ይከተላሉ፤ አውራዋ ቃጭል ስላላት በጨለማም የት እንዳሉ ይታወቃል። ላሟ ግን በማታ ውኃ የሚያብለጨልጭበትን መንገድና የፍሳሽ ቦይ ክዳንን ትፈራለች። ጥጃዋ ከፊት ከተመራች እናቷ ትከተላለች፤ ባትሪው ደግሞ ከኋላ ሆኖ መሬቱን ያበራል እንጂ በዓይኗ ላይ አይጣልም። ዶሮዎችን በሌሊት ከቆጣቸው አንሥቶ በቅርጫት ማድረግ የልጅ ሥራ ነው፤ በቀን ግን አስቀድሞ ጥሬ በትኖ ወደ ቤት ማስገባት ያስፈልጋል። ድመቷ ከባድ ዝናብ እንደጀመረ አንድ ክፍል ውስጥ ትዘጋለች። ውሻው በሰንሰለት ታስሮ ከኋላ ይሄዳል፤ ከፊት ከሆነ ፍየሎቹን ይበትናል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ መውጣቱ ሳይሆን መድረሻው ነው። የምትታለብ ላም በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር ውኃ ልትጠጣ ትችላለች፤ ስለዚህ ውኃ የሌለው ከፍታ ምንም ያህል ከጎርፍ ቢያድንም መድረሻ ሊባል አይችልም። ለጎርፍ፣ ወደ ሐረጎ በሚያወጣው መንገድ በኩል ከፍ ብሎ ያለ የአክስቴን ግቢ መረጥሁ። ራቅ ብሎ መሄድ ግድ ከሆነ ግን እንስሳቱ ወደ አንድ ቦታ አይሄዱም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ሌሊቷም ብርድ የሆነች ከተማ ናት፤ ኤሊ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ ማመንጨት ስለማይችል፣ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሚወርድ ብርድ ያለ ማሞቂያ ማደር የለበትም። ስለዚህ መንገዱ ከፈቀደ ኤሊዎቹና ፍየሎቹ ሞቅ በሚለው በባቲ በኩል ወዳሉ ዘመዶቻችን፣ ላሟ ደግሞ ወደ ደሴ ትሄዳለች። ደሴ ብቻ ከተከፈተ ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለን በሳጥኑ አንድ ጎን እናስቀምጣለን፤ ኤሊው ሲሞቀው የሚሸሽበት ሌላ ጎን እንዲኖረው ነው።

ሐደራውን የሚቀበሉት ሰዎች ከመስማማታቸው በፊት ስለ በሽታ መጠየቃቸው ተገቢ ነበር። ሌላ መንጋ ውስጥ የሚገባ እንስሳ አባ ሰንጋን፣ የፍየሎችን ደስታ መሰል ወይም የዶሮዎችን ፈንግል ይዞ ቢገባ ያስጠለለውን ሰው ማጥፋት ነውና፣ ክትባቱን በየወቅቱ አስከትቤ የውሻውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀት ጭምር በላስቲክ ከረጢት አስቀምጬአለሁ። ጉዳዩን ለቅሬያችንም፣ ማለትም ለሰፈሩ የመረዳጃ ማኅበር፣ አቀረብሁት፤ ቅሬው ለለቅሶ የሚያቆመው ድንኳንና የሚያሰባስበው የሰው ኃይል አለውና፣ ከጅረቱ ዳር ያሉት ቤቶች ከብቶቻቸውን በጋራ እንዲያወጡ፣ አቅመ ደካሞች ላሉበት ቤትም ጎልማሳ እንዲመደብ ተስማማን።

ዕቅዱ በእውነት የተፈተነው በአንድ የነሐሴ ሌሊት ነው። በሰፈራችን ዝናቡ ካባራ ቆይቶ ነበር፤ ጅረቱ ግን ከላይ በተራራው በዘነበው ዝናብ እየጎላ መጣ። ድምፁ ሲለወጥ ተነሣን። ኤሊዎቹ ከማደሪያቸው ወጥተው ሳጥን ውስጥ እስኪገቡ የወሰደው ጊዜ ላሟን ከማግባባት ያነሰ ነበር። ሼኁ የራሳቸውን በጎች ነድተው ከእኛ ጋር ሲወጡ፣ የእጅ ጋሪውን ዳገቱ ላይ ከኋላ የገፉልኝ እሳቸው ናቸው። ውኃው በታችኛው አጥር ገብቶ ከፍየሎቹ በረት ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ማለዳ ወደ ቤት ስንመለስ ትንሹ ኤሊ በሳጥኑ ውስጥ ሸንቶ ስለነበር ነክረን አጠጣነው።

ከዚያ ወዲህ በዕቅዱ ላይ የጨመርሁት ቀን ቀን ሁላችንም ሥራና ትምህርት ቤት ስንሆን የሚደረገውን ነው። የግቢው ቁልፍ ቅጂ በሼኁ ቤት ይገኛል፤ ሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው የኤሊዎቹን መሸሸጊያ ሥዕል ያውቁታል፤ በሰኔ መጀመሪያም ከእኛ ልጆች ጋር ሆነው ሁሉን ነገር እንደ እውነቱ ወደ አክስቴ ግቢ ያወጣሉ። ትልቁ ኤሊ አሁንም እያደገ ስለሆነ ሳፋው እየጠበበው ነው፤ ለቀጣዩ ክረምት ጎኑ ከፍ ያለ ሰፊ ሣጥን አናጢ እየሠራልን ነው፤ ስፋቱ በእጅ ጋሪው ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ተለክቷል።