«ቁጡ ነሽ» ሲሉኝ መዝገቡን አወጣሁ

ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ የሚሠራ ሕንፃ ላይ ሳይት ኢንጂነር ነበርኩ። የሁለተኛውን ፎቅ ሶሌታ (የወለሉን አርማታ) ልንሞላ ሚክሰሩ ተነሥቷል፣ ሠራተኛው ቦታ ቦታውን ይዟል። በረንዳው ጋ ስደርስ የላይኛው ፌሮ (አርማታ ውስጥ የሚገባው ብረት) ተረግጦ ከታችኛው ጋር ተጣብቋል። ከሕንፃው ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳን የሚሸከመው የላይኛው ፌሮ ነው። እሱ ከወረደ አርማታው ከላይ ይሰነጠቃል፣ ሰው ተሰብስቦ ሲቆምበትም ሊወድቅ ይችላል። «ፌሮው ሳይነሣ አርማታ አይፈስም» አልኩ። ፎርማኑ «የኔ እህት፣ ቀኑ ሊሄድብን እኮ ነው» አለኝ። አልተነቃነቅኩም። ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የሥራ ባልደረባዬ የኮለን ስታፋ (የምሰሶውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ብረት) ተራርቆ ታስሯል ብሎ ልክ እንደኔ ሙሌት አስቁሟል። እሱን «ቆፍጣና» አሉት፤ እኔን «ቁጡ»። የሚያቃጥለው ደግሞ ሥራ ስጀምር በቀስታ ስናገር «ይቺ ለሳይት አትሆንም» ያሉኝ እነዚሁ ሰዎች መሆናቸው ነው።

የደረጃ እድገት ምዘና ወጣ። በሙያ ነጥብ ከባልደረባዬ ጋር እኩል ነን። በ«ሥነ ምግባር» ግን ከ20 እሱ 18፣ እኔ 11።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነበር፤ በሻይ ሰዓት ላገኘሁት ሁሉ ምሬቴን አወራሁ። ወሬው ዞሮ «ይኸው፣ ቁጡ ናት አላልንም?» ተባለበት። ከዚያ በኋላ ነው የሳይት ትእዛዝ መዝገቡን ያወጣሁት። የሁለታችንም የማስቆም ትእዛዝ ከነቀኑና ከነምክንያቱ ተጽፏል። ሁለቱንም ገጽ ኮፒ አድርጌ ከአጭር ደብዳቤ ጋር አስገባሁ። ስለ ወንድና ሴት አላተትኩም፤ «11 ያሰጠኝ ድርጊት የትኛው ነው?» ብቻ ብዬ ጠየቅኩ። ከግርጌው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87ን ጠቀስኩ፤ ሴት በእድገት ውድድር ከወንድ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ይሰጣታል ይላል። ብዙ ሴቶች ይህን አያውቁም፣ እኔም እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ፣ ትንሽ ለስለስ በይ እንጂ» አለኝ። «ለእሱም እንዲህ ብለውታል?» አልኩት። ዝም አለ። ባልደረባዬ ግን ዝም አላለም፤ «እኔም ያደረግኩት ያንኑ ነው» ብሎ ጽፎ ፈረመልኝ። ቀድሜ ባናግረው ኖሮ ያ ሁሉ የሻይ ሰዓት ወሬ በቀረልኝ ነበር።

ነጥቡ እንደገና ታይቶ 18 ሆነ፣ እድገቱም ለእኔ ተሰጠ። ከፎርማኑ ጋር ለመግባባት ግን ወራት ፈጅቶብናል።

አሁን ምዘና የምሞላው እኔ ነኝ። በቅርቡ አንዲት አዲስ ተመራቂ ላይ «ግትር» ብዬ ልጽፍ እጄ ተነሣና ደነገጥኩ። መዝገቡን ገልጬ አየሁ፤ ያስቆመችው የተበላሸ አሸዋ ነበር። እሱኑ ጻፍኩ።