በተኑ ላይ የሚወጣው ባዶ ሳጥን

ሶፍትዌር ስትሠሩ ስክሪን ላይ በሚጫን በተን (ቁልፍ) ላይ ምልክት ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል። ✓ን ከሆነ ቦታ ኮፒ ታደርጋላችሁ፣ ኮዱ ውስጥ ትለጥፋላችሁ፣ አለቀ። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ያምራል። ጣጣው የሚጀምረው ሶፍትዌሩ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ነው።

የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ደንበኞቼ የእህል ቤቶች፣ የብርድ ልብስና የጋቢ ሱቆች ናቸው። አብዛኞቹ ያገለገለ ኮምፒውተር ነው ያላቸው፤ ዊንዶውስ 7 ዛሬም እዚህ ብርቅ አይደለም። እንደዚያ ባለ ማሽን ላይ «ወደ ሽያጭ ጨምር» የሚለውን በተን በገበያ ጋሪ ምልክት ብትተኩት ባዶ ሳጥን ይወጣላችኋል። የጋሪው ምልክት ዩኒኮድ ውስጥ (ለየፊደሉና ለየምልክቱ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ) የገባው በፈረንጆቹ 2016 ነው፤ ዊንዶውስ 7 የወጣው ደግሞ በ2009። ታዲያ ፎንቱ፣ ማለትም የፊደላቱን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ ከየት ያምጣው? አንድ እህል ቤት ውስጥ ባለቤቱ ሳጥኗን ትንሽ አየት አደረጉና «አንተ ልጅ፣ ይቺ ጆንያ መሆኗ ነው?» አሉኝ። ካሸሯ በሳቅ ሞተች።

ሳጥኑ እንኳ ደግ ነው፤ የታመመው የት እንደሆነ ይናገራል። ሳጥን ከወጣ ችግሩ ፎንት ነው። የምልክቱ ቁጥር በትክክል ደርሷል፣ የሚስለው ጠፍቶ ነው። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከወጣ ግን ፎንት ብትቀያይሩ ዋጋ የለውም፣ ችግሩ ኢንኮዲንግ ነው፤ ማለትም ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ በባይት የሚጻፍበት ስልት። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ) ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ፋይሉን በሌላ ኢንኮዲንግ የሚያነብ ፕሮግራም አንዷን «ሀ» ሦስት ቦታ ቆራርጦ ያወጣታል። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ይሄ ብዙ ሰው ያማረረ ነገር ነው፤ በ2022 የወጣው ጃቫ 18 ነው ዩቲኤፍ-8ን በሁሉም ማሽን ላይ መነሻ ያደረገው፣ ከዚያ በፊት ያለውን የምትጠቀሙ ከሆነ ኮምፓይል ስታደርጉ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስትቀይሩ) ኢንኮዲንጉን ራሳችሁ ንገሩት። የጥያቄ ምልክት ከወጣ ደግሞ የባሰ ነው፤ ፊደሉ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ወደ ምንጩ ተመልሶ መፈለግ ብቻ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ውጪ የሆነች አንዲት ተንኮለኛ አለች፤ & ነች። በተንና መስኮት በሚሠሩልን መሣሪያዎች፣ በዊንዶውስ ፎርምስም በኪውቲም፣ «ጤፍ&ስንዴ» ብላችሁ በተን ላይ ብትጽፉ & ትሰወራለች። ለካ ለነሱ ትርጉሟ ሌላ ነው፤ ከኋላዋ ያለውን ፊደል ከኪቦርድ በአልት የሚጠራ አቋራጭ አድርጉልኝ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ && ብላችሁ ጻፏት፣ አንዷ ትታያለች። ጂቲኬ በሚባለው ሌላ መሣሪያ ላይ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው የታች ሰረዙ (_) ነው።

ስፋትም አለ። የፓይተን ቋንቋ የበተን መሥሪያ በሆነው ቲኬኢንተር የበተን ስፋት የሚለካው በፊደል ብዛት ነው፤ መለኪያው ደግሞ የዜሮ ቁጥር ስፋት ነው። ዜሮ ቀጭን ናት። «ጨምር»ን በአራት ስፋት ብታስቀምጡት ጫፍና ጫፉ ይበላል፣ ምክንያቱም የኛ ፊደል ሰፋ ሰፋ ይላል። ስፋቱን አለመስጠትና በተኑ በራሱ ልክ እንዲዘረጋ መተው ይሻላል። የጃቫው ስዊንግ ደግሞ ቦታው አልበቃ ሲለው ጽሑፉን ሦስት ነጥብ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ያኔ የውስጥ ኅዳጉን፣ በጽሑፉና በበተኑ ጠርዝ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ፣ መቀነስ ነው።

ምልክት ስትመርጡም አሮጌውን ምረጡ። ትክክል ለማለት ሁለት መንታ የሚመስሉ ምልክቶች አሉ፤ የዩኒኮድ ቁጥራቸው 2713 (✓) እና 2714 (✔)። ሁለተኛው ኢሞጂም ስለሆነ አንዱ ማሽን ላይ ጥቁር፣ ሌላው ላይ ባለቀለም ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ቁጥራቸው ከ65,535 በላይ የሆኑትን ኢሞጂዎች ደግሞ የቆዩ የቲኬኢንተር ቅጂዎች ጭራሽ አይቀበሉም፣ ስሕተት ብለው ይቆማሉ።

እኔ አሁን ፎንት ከሶፍትዌሩ ጋር ይዤ ነው የምሄደው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም አቢሲኒካም የሚባሉት የግዕዝ ፎንቶች በነፃ የሚሰራጩ ናቸው፤ ጃቫም ኪውቲም ፎንትን ከፋይል የሚጭን ትእዛዝ አላቸው። ፊደሉ ከኔ ጋር ከመጣ የሰውየው ዊንዶውስ ያለውና የሌለው አያሳስበኝም። ጋሪና ቆሻሻ ቅርጫት ለመሰሉት ደግሞ ምስል አስገባለሁ፤ ምስል ፎንት አይለምንም። ቃሉንም ከምስሉ ሥር እጽፋለሁ። ምስል ብቻ ያለበት በተን ማየት ለተሳነው ሰው ስክሪን የሚያነበው ፕሮግራም ሲደርስበት ስም ካልሰጣችሁት ምን እንደሚሠራ አይነግረውም፤ የሚያይም ቢሆን ቅርጫቱ «ሰርዝ» ይሁን «ባዶ አድርግ» በምን ያውቃል? በተኑንም ሰፊ አድርጉት። እዚህ በኅዳር ጠዋት ጣት ደንዝዞ ነው ሥራ የሚጀመረው፣ ትንሽ በተን ላይ ያነጣጠረች ካሸር ጎረቤቱን ትጫናለች።

እኚያ የጆንያው ባለቤት በኋላ የቁጥር በተኖቹን በግዕዝ አድርግልኝ አሉኝ። ፎንቱ አለ፣ ከ፩ እስከ ፱ ደርድሬ አሳየኋቸው፣ በጣም ወደዱት። «ዜሮውስ?» አሉ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ፲ አለ፣ ፳ አለ፣ ፻ አለ፣ ዜሮ ግን የለም፣ ያለዜሮ ደግሞ የአንድ ኩንታል ገብስ ዋጋ እንዴት ይጻፋል? ትንሽ ካሰቡ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ላሉት የእህል ክምሮች መለያ ይሁን ተባባልን። አሁን ፩ን ስትጫኑ የምንጃር ጤፍ ይመጣል፣ ፪ን ስትጫኑ ገብስ። የዋጋው ቁጥሮች እንደድሮው ናቸው።