ለተቃጠለ ክንድ ልክ መውሰድ
ደሴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። የእህቴ ልጅ ክንዷ ላይ የፈላ ውሃ ከፈሰሰባት በኋላ ቁስሉ ደረቀ፤ ጠባሳው ግን እያበጠና እየጠነከረ መጣ። ክርኗን መዘርጋት ከበዳት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በልኳ የተሰፋ ጠበቅ ያለ እጅጌ እንደሚያስፈልጋት ስትነግረን እኔው ልስፋው አልኩ። ግፊቱን ባለሙያዋ ትቆጣጠራለች፣ ስፌቱ የእኔ ነው።

ከባድ ቃጠሎ ሲድን ሰውነት ኮላጅን የሚባለውን የቆዳ ማጠንከሪያ ፕሮቲን ከመጠን በላይ ያመርታል። ጠባሳው የሚያብጠው ለዚህ ነው። ልብሱ ሳያቋርጥ ሲጫነው ዝቅና ለስለስ እንዲል ያግዛል። ክፍት ቁስል ላይ ግን አይለበስም።

መጀመሪያ ጨርቅ ፍለጋ ነበር። ናይለንና ስፓንዴክስ (እንደ ላስቲክ የሚሳብ ክር) ያለበት፣ በየአቅጣጫው የሚሳብ ጨርቅ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ የሚሳብ ጨርቅ ሞልቷል፤ ወደ ቦታው የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሳልገዛ ጎትቼ፣ ለቅቄ፣ በሜትር መልሼ እለካለሁ።

ትልቁ ሥራ ልክ መውሰድ ነው። ለቀሚስ ደረትና ወገብ ይበቃኛል። እዚህ ግን ከእጅ አንጓ እስከ ብብት ድረስ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ዙሪያውን እለካለሁ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ልክ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀነሳል። ለእሷ በ10 ጀመርን፤ አንጓዋ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 13.5 እቆርጣለሁ። ያው ጨርቅ ያው ያህል ቢሳብም ቀጭን ክንድን ከወፍራም ይልቅ አጥብቆ ይጫናል። ለሕፃን ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጣቶቿ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ጥፍሯ ሥር ከጠቆረ ወዲያው ማውለቅ ነው።

ስፌቱን በዚግዛግ፣ ወደ ውጭ አደረግኩት፤ ጠባሳ ላይ የሚፋቅ ነገር መኖር የለበትም። የክርኗ እጥፋት ላይ ጨርቁ እየተጨማደደ ይቆርጣታል፤ እዚያ ለስላሳ ቁራጭ ገባ።

የከበደን መልበሱ ነው። በቀን 23 ሰዓት ያህል ይለበሳል፤ የሚወልቀው ለመታጠብና ለማሸት ብቻ ነው። ይህ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ደሴ ብርዱ ያግዛል። ባቲ እናታችን ጋ ስትሄድ ግን ሙቀትና ማሳከክ ያስለቅሳታል። እማዬ አንጀቷ አይችልም። "ኧረ ልጄን አታስጨንቋት፣ ትንሽ ትተንፍስ!" ትላለች። "እማዬ፣ አሁን ካወለቅንላት ክንዷ ታጥፎ ይቀራል" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጠባሳውን በቫዝሊን የምታሸው እሷ ናት። ቀለሙንም ልጅቷ ራሷ እንድትመርጥ አደረግን፤ ከምክራችን ሁሉ ይሄ በለጠ።

ሁለት እጅጌ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል። ለብ ባለ ውሃ በእጅ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይሰጣል፤ በረኪናና የፈላ ውሃ ላስቲኩን ይገድሉታል። በደንብ ቢያዝም በሦስት ወር ገደማ ይላላል። ልጅም ታድጋለች። አሮጌውን ፓተርን፣ የመቁረጫውን ልክ፣ አልጠቀምም፤ ሜትሩን ይዤ ከአንጓዋ እንደገና እጀምራለሁ።