የወባ ስርጭት፦ ከአየር ጠባይ እስከ ውኃ ፈረቃ

ስለ ተላላፊ በሽታ ስናወራ ነገሩን ሁሉ በጀርሙ ላይ መጣል ይቀናናል። አንድ በሽታ የሚዛመተው ወይም ባለበት የሚቀረው ግን እንደ አየሩ ጠባይ፣ እንደ ሰው እንቅስቃሴ፣ እንደ ሰውነት የመከላከል አቅምና እንደ አኗኗራችን ሲሆን፣ በአገራችን ይህን እንደ ወባ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ በሽታ ያለ አይመስለኝም።

ከሙቀቱ እንነሳ። ገዳዩ የወባ ተሕዋስ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም፣ አኖፌለስ የተባለችው ሴቷ የወባ ትንኝ ከታመመ ሰው ደም ጋር ከወሰደችው በኋላ በሆዷ ውስጥ እድገቱን ጨርሶ ወደ ምራቅ ዕጢዋ እስኪደርስ ድረስ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ይህ ሂደት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 12 ቀን ገደማ ሲወስድ፣ በ20 ዲግሪ ወደ አራት ሳምንት ይጓተታል፤ ከ16 ዲግሪ በታች ደግሞ ጨርሶ ይቆማል። አብዛኞቹ ትንኞች ያን ያህል ዕድሜ ስለሌላቸው በብርድ አገር ተሕዋሱ ሳይደርስ እነሱ ይሞታሉ። ደጋውን ለዘመናት የጠበቀው ይህ ነው፤ ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ሲል ግን ጥበቃው ይላላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 የደረሰው እልቂት ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ከወትሮው በዝቶ፣ ሙቀቱና እርጥበቱም ጨምሮ ስለነበር ወባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ተዛምቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ምክንያቱ ነው። ወባ በማይጠፋበት ቆላ ከልጅነቱ ጀምሮ በተደጋጋሚ የታመመ አዋቂ በሽታው እንዳይጠናበት የሚረዳ ከፊል የመከላከል አቅም ያዳብራል፤ የወይና ደጋው ገበሬ ግን ይህ አቅም ስላልነበረው ወረርሽኙ ሕፃን አዋቂ ሳይል ፈጀው።

ዛሬም ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ሑመራና ወደ መተማ የሚወርደው የደጋ ወጣት ለበሽታው እንግዳ ሆኖ ነው የሚሄደው። ብዙውን ጊዜም ያለ አጎበር ሜዳ ላይ ያድራል። ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው ዝርያ በጉበት ውስጥ ለወራት ተደብቆ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ይህ ወጣት ድኖ ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላም ታምሞ በዚያ ላሉ ትንኞች የበሽታው ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የከተማው ጉዳይ ነው። ነባሯ አኖፌለስ አረቢየንሲስ በአብዛኛው የምትራባው ዝናብ ባቆረው ውኃ ስለሆነ የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው ብለን ለምደናል። ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ግን ሰው ራሱ ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስለምትራባ ክረምትን አትጠብቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ጅቡቲ ውስጥ፣ በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። በጅቡቲ በ2012 ሰላሳ እንኳ ያልሞላው የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2020 ከ70 ሺህ በላይ ሆኗል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ የተነሣው በበጋ ሲሆን፣ ተመራማሪዎችም ከዚህችው ትንኝ ጋር አያይዘውታል።

ክዳኑ የተሰበረ ሮቶ ወይም አፉ ክፍት የሆነ በርሜል ያለው ሰው በባትሪ ብርሃን ውኃውን ቢመለከት መልካም ነው። የአኖፌለስ እጭ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይጋደማል፤ ወባ የማታስተላልፈው የኩሌክስ ትንኝ እጭ ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። የተጋደመ እጭ ያየ ሰው ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሊያሳውቅ ይገባል።

ይሁንና ነዋሪው በርሜል የሚደረድረው ወዶ አይደለም። ቧንቧው በፈረቃ፣ ያውም በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ በሚመጣበት ሰፈር ውኃ አታጠራቅሙ ማለት አይቻልም። ስቴፈንሲ የቤት እንስሳትንም ስለምትነክስና ብዙ ጊዜ ከመኖሪያ ቤት ውጭ፣ በከብት በረት ጭምር ስለምታርፍ፣ አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ብቻቸውን አይበቁም። ስለዚህ በከተሞች የወባ መከላከል ዕቅድ ሲወጣ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ከጤና ቢሮው እኩል ኃላፊነት ሊሰጠው፣ ለግንባታ የሚቆፈሩ የውኃ ጉድጓዶችም እንዲሸፈኑና ሥራው ሲያልቅ እንዲደፈኑ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ሊያስገድድ ይገባል ብዬ አምናለሁ።